የለቀቁትን ትቶ የቀሩትን መጠየቅ፦ ስለ ማኔጅመንት ማስተርስ ጥናት፣ ስለ ምርምር ዘዴና ስለ ሥራ ላይ ክህሎት

የኮምቦልቻዋ ተማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ቅዳሜና እሑድ ደሴ ላይ የማኔጅመንት ማስተርስ የምከታተል፣ በሥራ ቀናት ደግሞ ኮምቦልቻ በሚገኝ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በሰው ሀብት ክፍል የምሠራ ነኝ። ኮርሶቼን ጨርሼ ፕሮፖዛል በማዘጋጀት ላይ እገኛለሁ። ማጥናት የምፈልገው አዲስ የሚቀጠሩ የማሽን ኦፕሬተሮች ሥራውን በቅጡ ሳይለምዱ ለምን እንደሚለቁ ነው። ጉዳዩ በየሳምንቱ ጠረጴዛዬ ላይ የሚያርፍ በመሆኑ ርእስ ፍለጋ አልተቸገርሁም፤ የተቸገርሁት በዘዴው ነው።

የተመከርሁት አካሄድ የክፍል ጓደኞቼ ሁሉ የያዙት ነው። ርእሱ «የእንዲህ ያለ ነገር ተፅዕኖ በእንዲህ ባለ ነገር ላይ» የሚል ይሆናል፤ በፋብሪካው ካሉት 600 ያህል ኦፕሬተሮች የናሙናን ብዛት በሚያሰላው በያማኔ ቀመር 240 ይመረጣሉ፤ ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» የሚሄድ ባለ አምስት ደረጃ የላይከርት መጠይቅ ይበተናል፤ መልሱ ኤስፒኤስኤስ ወደሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ገብቶ ሪግሬሽን፣ ማለትም አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ያለው ዝምድና ስሌት፣ ይሠራለታል። ነገር ግን እነዚህ 240 ሰዎች ሁሉም ያልለቀቁ ናቸው። የለቀቀችውን ልጅ ምክንያት ከማሽኗ አጠገብ የቀረችውን ጠይቄ እንዴት አገኘዋለሁ?

ሌላው ጥያቄዬ ስለ ሙያዊ ክህሎት ትምህርት ነው። በእኛ ዘንድ ይህ ኮርስ የሥራ ማመልከቻ አጻጻፍና የስላይድ አቀራረብ ተደርጎ ስለሚታይ ብዙዎች ውጤት ማሻሻያ አድርገው ይወስዱታል። ከጥናቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ ወይስ የለም? ልምድ ያላችሁ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መምህር ዘደሴ፦

እኅቴ፣ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ከያማኔ ልጀምር፤ ይህ ቀመር በየመመረቂያ ጽሑፉ ምዕራፍ ሦስት እንደ መክፈቻ ጸሎት ይደገማል እንጂ ምን እንደሚል የሚጠይቅ ጥቂት ነው። 600ን ለ(1 + 600 × 0.0025)፣ ማለትም ለ2.5 ስናካፍለው 240 ይሰጣል። ከቀመሩ ጀርባ ያለው ሐሳብ ግን «ከሠራተኞቹ ስንት በመቶው እንዲህ ያስባል?» ለሚል ጥያቄ፣ በ95 በመቶ መተማመኛ፣ ከእውነቱ ከ5 በመቶ ነጥብ በላይ የማይርቅ ግምት ለማግኘት ስንት ሰው ይበቃል የሚል ነው። ክሬጅሲና ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጡት ሠንጠረዥ ለ600 ሰው 234 ይላል፤ ልዩነቱ የመጣው ያማኔ ለ95 በመቶ መተማመኛ የሚያገለግለውን 1.96 የሚለውን ቁጥር ወደ 2 አጠጋግቶ ስለሠራ ነው። ሁለቱም ስለ ሪግሬሽን የሚሉት ነገር የለም፤ ለሪግሬሽን የሚበቃው ናሙና በተለዋዋጮቹ ብዛትና ሊታይ በሚፈለገው ተፅዕኖ መጠን ይወሰናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ናሙናው በሚወጣበት የስም ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ሰው ቀመሩ ምንም ሊነግረን አይችልም። ዝርዝሩ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉትን ብቻ የያዘ ከሆነ፣ 240 ይውሰዱ ወይም 600ውንም ይጠይቁ፣ ክፍተቱ አይሞላም።

ከዚያ ይልቅ እርስዎ የተቀመጡበት ክፍል ለጥያቄዎ የሚሆን መረጃ አለው። እያንዳንዱ ሠራተኛ የተቀጠረበት ቀን፣ የለቀቀበት ቀን፣ ያልለቀቀም ከሆነ ያልለቀቀ መሆኑ በማኅደሩ ይገኛል። ከተቀጠሩት ምን ያህሉ እስከ መቼ እንደሚቆዩ ለመገመት ካፕላንና ማየር እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳዩት ስሌት የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ለምሳሌ ያህል 100 ሰው ተቀጥሮ በመጀመሪያው ወር 20 ቢለቅ፣ ከቀሩት 80 ደግሞ በሁለተኛው ወር 8 ቢለቅ፣ ሁለቱን ወር ያለፈው 72 በመቶ ነው። እስከዚህ ድረስ ማንም ይሠራዋል። የዘዴው ጥቅም የሚታየው ባለፈው ወር የተቀጠሩትን በተመለከተ ነው፤ እነርሱ ሦስተኛ ወራቸውን ገና አላዩም፤ «ቆይተዋል» ብለን ብንቆጥራቸው ፋብሪካውን እናሞግሳለን፣ «ለቀዋል» ብንል ደግሞ እንበድለዋለን። ስለዚህ እስከ ታዩበት ቀን ድረስ ብቻ ተቆጥረው ከዚያ በኋላ ከስሌቱ ይወጣሉ። ኤስፒኤስኤስ ይህን ይሠራል፤ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ከስሌቱ የሚወጣውን የቆይታ ግራፍ ሲያዩ በተለይ የሙከራ ጊዜውን ያስተውሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይገድባል። መልቀቁ ከዚያ በፊት የሚከማች ከሆነ ጥያቄው የምልመላና የመጀመሪያ ሥልጠና ጥያቄ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ግን ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዕድገትና ስለ አለቃ መጠየቅ ይገባል። መጠይቁ መዘጋጀት ያለበት ይህ ከታየ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም።

ሐይቅ ዳር፦

መምህር፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በተማሪ ቦታ ሆኖ ማየትም ያስፈልጋል። ማስተርስ የሚማረው አብዛኛው ሰው ሠራተኛ ነው፤ ቤተሰብ አለው፤ የመመረቂያ ጊዜውም የተቆረጠ ነው። መጠይቅ ማንም ፈታኝ የሚያውቀው መንገድ ነው፤ የጥያቄዎቹን እርስ በርስ መስማማት የሚለካው ክሮንባኽ አልፋ ከ0.70 በላይ መሆኑን አሳይቶ፣ ምዕራፎቹን በሥርዓቱ ደርድሮ የቀረበ ሰው አይወድቅም። አማካሪው የማያውቀውን ዘዴ ይዞ የሚቀርብ ተማሪ ግን በዲፌንስ ቀን ብቻውን ነው። እኅታችን አማካሪዋ የመከሯትን ትታ ከዚህ የውይይት መድረክ ባገኘችው ምክር ብትሄድና ነገሩ ቢበላሽ ማን ይጠየቃል?

ደግሞስ የትኛው ማኅደር? ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ ባለፉባቸው ሳምንታት በየመሥሪያ ቤቱ ስንት ወረቀት እንደጠፋ እኛ ወሎዎች እናውቃለን። ከ2014 በፊት ያለው መዝገብ ሙሉ ነው ብሎ የሚነሣ ጥናት አንድ እግሩ አየር ላይ ነው።

የድሮ አስተዳደር፦

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ለረጅም ዓመታት በፋብሪካ አስተዳደር ሠርቻለሁና የዘዴውን ነገር ለመምህሩ ትቼ ስለ ሰውና ስለ ወረቀት ልናገር።

ልጄ፣ ሐይቅ ዳር ያነሣው የማኅደር ነገር በቀላሉ አይታለፍ። ከ2014 በኋላ የተቀጠሩትን ብቻ ብትወስጂ ይሻላል። ከዚያ በፊት ያለውን ከጨመርሽ ሦስት ነገር ይደባለቅብሻል፦ በራሳቸው ፈቃድ የሄዱ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ የተበተኑና ሥራ ሲቀንስ የተቀነሱ። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ ከመላክ ዕድል፣ ያገደችው ከጦርነቱ ወራት ቀጥሎ፣ በታኅሣሥ 2014 ነበር፤ ወደዚያ ገበያ ይልክ የነበረ ፋብሪካ ሠራተኛ ቢቀንስ ምክንያቱ የሱፐርቫይዘሩ ጠባይ አይደለም። ይህን ሳይለዩ «አመራር በሠራተኛ ፍልሰት ላይ ያለው ተፅዕኖ» ብሎ ሪግሬሽን መሥራት ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም።

የለቀቁበት ቀን የሚባለውንም አትመኚው። ብዙዋ ልጅ ማመልከቻ ጽፋ፣ ክሊራንስ ጨርሳ አትሄድም፤ ደመወዝ በተከፈለ ማግሥት ትቀራለች። ማኅደሩ ላይ የሚጻፈው የስንብት ደብዳቤ የወጣበት ቀን ነው፤ ያም ከቀረችበት ቀን ሳምንታት ሊዘገይ ይችላል። እውነተኛው ቀን የሚገኘው በሰዓት መቆጣጠሪያው ወይም በደመወዝ መክፈያው ላይ ነው። ምክንያት በሚለው ቦታ ደግሞ ጸሐፊው ለሁሉም «በራሷ ፈቃድ» ብሎ ያልፋል።

መጠይቁን በተመለከተ፣ ያገራችንን ሰው ጠባይ ታውቂያለሽ። አንዲት የቃሉ ወይም የአልብኮ ልጅ «አለቃሽ በአግባቡ ያስተናግድሻል?» ተብላ በወረቀት ስትጠየቅ፣ ያውም ጠያቂዋ ከሰው ሀብት ክፍል የመጣች ስትሆን፣ «አልሐምዱ ሊላህ፣ ደኅና ነው» ብላ «እስማማለሁ» የሚለው ላይ ምልክት ታደርጋለች። ሐሰት መናገሯ አይደለም፤ ሰው ማስከፋት ነውር ነው ተብላ አድጋለች። አንቺ ደግሞ የአሠሪው ሰው ነሽ። ይህን በጽሑፍሽ ውስጥ በግልጽ ማስፈር አለብሽ፤ የምትችይ ከሆነም ቃለ መጠይቁን ከፋብሪካው ውጪ የሆነ ሰው ቢሠራልሽ መልካም ነው።

የኮምቦልቻዋ ተማሪ፦

ጋሼ፣ ስለ ስንብት ደብዳቤው የተናገሩት በሥራዬ የማየው ነው፤ ምክንያት የሚለው ዓምድ እንዳሉት አንድ ዓይነት ነው። የእኛ የሰዓት መቆጣጠሪያ በጣት አሻራ የሚሠራ ስለሆነ የመጨረሻዋን ቀን ማግኘት ይቻላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተቀጠሩትን ብቻ ብወስድ መዝገቡ ሙሉ ነው።

የቀረኝ ጭንቀት ፈቃዱ ነው። እኔ በሥራዬ ምክንያት ማኅደሩን በየቀኑ እከፍታለሁ፤ ለጥናት ግን ልጠቀምበት መብት አለኝ ወይ? የለቀቁትንስ ስንት ሰው ባነጋግር ይበቃል?

መምህር ዘደሴ፦

በሥራ ምክንያት ማየትና ለጥናት መጠቀም ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው። ከዩኒቨርሲቲዎ የትብብር ደብዳቤና የሥነ ምግባር ፈቃድ ይውሰዱ፤ ከዚያም ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በራስዎ ስም ደብዳቤ ይጻፉ። በደብዳቤው የትኞቹን ዓምዶች እንደሚወስዱ ይዘርዝሩ፦ የቅጥር ቀን፣ የመጨረሻ የሥራ ቀን፣ ዕድሜ፣ የመጡበት ወረዳ፣ የተመደቡበት የምርት መስመር፣ የመነሻ ደመወዝ። ስምና ስልክ ወደ ጥናቱ ሠንጠረዥ አይገቡም፤ በምትካቸው መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያገናኘው ዝርዝርም ለብቻው ይቀመጣል። ለለቀቁት ስልክ ከመደወል በፊትም ይህ በፈቃዱ ውስጥ መካተት አለበት፤ ልጅቱ ስልኳን የሰጠችው ለቅጥር እንጂ ለጥናት አይደለምና። ሲደውሉም መጀመሪያ የሚነገራት ያለመመለስ መብቷ ነው።

ስለ ብዛቱ፣ በጋናና በናይጄሪያ ከ60 ሴቶች ጋር የተደረጉ ቃለ መጠይቆችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የታወቀ ሥራ፣ አዳዲስ ሐሳቦች መምጣታቸውን የሚያቆሙት በመጀመሪያዎቹ 12 ቃለ መጠይቆች ውስጥ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ቁጥር አሁን እንደ ያማኔ በየቦታው እየተጠቀሰ ነው፤ አጥኚዎቹ ግን ተቀራራቢ ኑሮ ያላቸውን ሰዎች በተቀራራቢ ጥያቄ እንዳነጋገሩ ይረሳል። የእርስዎ ሠራተኞች ከባቲ ቆላና ከኩታበር ደጋ የመጡ፣ ያገቡና ያላገቡ፣ ከሙከራ ጊዜ በፊትና በኋላ የለቀቁ ናቸው። ስለዚህ አስቀድመው ቁጥር ከመቁረጥ ይልቅ ከየወገኑ ጥቂት ጥቂት እየያዙ፣ አዲስ ነገር መስማት ሲያቆሙ ያቁሙ፤ መቼና ለምን እንዳቆሙም ይጻፉ።

ለሐይቅ ዳርም መልስ አለኝ። መጠይቅ መጥፎ ነው አላልሁም። አሁን በሥራ ላይ ያሉት የመልቀቅ ሐሳብ አላቸው ወይ ለሚል ጥያቄ ጥሩ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ለመልቀቅ ማሰብና መልቀቅ አንድ አይደሉም፤ ዓመት ሙሉ «ልለቅ ነው» እያለች የምትቆይ አለች፣ ምንም ሳትል የምትጠፋም አለች። ለምሳሌ ስለ ሥልጠናውም ስለ አፈጻጸሙም ያው አንድ ሰው፣ በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ቀን ሲመልስ ደግሞ ሁለቱ የሚዛመዱት በዕለቱ ስሜቱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ክሮንባኽ አልፋ ይህን አያይም፤ ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን ብቻ ይናገራል።

ወልድዬ፦

እኔ ባንክ ቤት የምሠራ፣ ማስተርሴንም የጨረስሁ ነኝ። ስለ ሙያዊ ክህሎት ማንም ስላልመለሰላት አንድ ነገር ልበል። በኮርሱ ስም የሚሰጠው የቡድን ሥራ፣ አንዱ ጽፎ ሌሎቹ የኅትመት ወጪ የሚያዋጡበት ሆኖ ሳለ፣ ከእርሱ የቡድን አሠራር ይማራሉ ማለት ቀልድ ነው። እውነተኛው ክህሎት ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ አንዱ ክፍል እንዲያውም ኤክሴል ላይ ነው።

እኅቴ፣ ማኅደሮችሽ የተጻፉት በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው። ኤክሴል ደግሞ የእኛን አቆጣጠር በቀጥታ አያውቅም። 30/02/2015 ብለሽ ጥቅምት 30ን ብታስገቢ፣ ለእርሱ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል፤ ጳጉሜንንማ ጨርሶ አያውቃትም። ይህ እንኳ ዓይን ያየዋል። አደገኛው 10/02/2015 ዓይነቱ ነው፤ ያለ ምንም ተቃውሞ የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በኋላ የምታወጪው የቆይታ ቀን ሁሉ ትንሽ ትንሽ የተዛባ ይሆናል፤ ፈታኝም አያገኘውም።

መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ማስገባት ነው። ከዚያ ዓመቱን በ365 ታባዣለሽ፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚገኘውን ሙሉ ቁጥር ትጨምሪያለሽ፤ ከወሩ ቁጥር አንድ ቀንሰሽ በ30 አባዝተሽ ትደምሪያለሽ፤ በመጨረሻም ቀኑን ትጨምሪያለሽ። ይህን ለቅጥሩም ለመጨረሻው ቀንም ሠርተሽ ማቀናነስ ነው። ሰኔ 20 ቀን 2015 የተቀጠረችና ጥቅምት 5 ቀን 2016 ለመጨረሻ ጊዜ የፈረመች ልጅ 111 ቀን ቆይታለች ይልሻል። በጣትሽ ብትቆጥሪው ያው ነው፤ የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን እንደነበረች ስሌቱ ራሱ ያውቀዋል።

ወረኢሉ፦

ወልድዬ፣ እግዜር ይስጥህ። የሆስፒታል ካርድ ክፍል ለምንሠራውም ጠቅሞናል።

ሐይቅ ዳር፦

ስለ ዘዴው ተረትቻለሁ፤ ስለ አማካሪው ግን አልተረታሁም። ይህን ሁሉ ይዛ አማካሪዋ ፊት ስትቀርብ ምን ብላ ትጀምር?

የድሮ አስተዳደር፦

ልጄ ሐይቅ ዳር፣ ይኸው ነው ሙያዊ ክህሎት የሚባለው። አማካሪን ተሳስተሃል ብሎ መጀመር አያስፈልግም፤ ትክክልም አይደለም። አንድ ገጽ ይጻፍ። በመጀመሪያው አንቀጽ ጥያቄው ይቀመጥ፤ ቀጥሎ በሥራ ላይ ያሉትን ብቻ መጠየቅ ለዚህ ጥያቄ የሚጎድለው ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይገለጽ፤ ከዚያ የመዝገቡ ናሙና ይያያዝ፤ ስም የሌለባቸው ጥቂት መስመሮች ይበቃሉ። አማካሪ መረጃው በእጅ እንዳለ ሲያይ ሐሳቡ ይለዘባል። መጠይቁንም ጨርሶ አትጣይው፤ በሥራ ላይ ላሉት አጭር አድርገሽ ሦስተኛ ክፍል አድርጊው፤ የእርሳቸው ምክር እንደተከበረ ይታያል፤ ለጥናቱም ይረዳል።

ለሥራ አስኪያጁም እንዲሁ። እኔ በሥራ ዘመኔ ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጡ ጥራዝ ጥራዝ የመመረቂያ ጽሑፎች ነበሩ፤ አንዱንም እስከ መጨረሻው ያነበበ አለቃ አላየሁም። ማጠቃለያው «አመራሩ ለሠራተኛው ትኩረት ቢሰጥ» የሚል ከሆነ ማን ያነበዋል? «ከተቀጠሩት ይህን ያህሉ ከሁለተኛው ደመወዝ በፊት ይሄዳሉ፤ አንዷን ለማሠልጠን ይህን ያህል ወጪ ይወጣል፤ የሄዱት በአብዛኛው ያነሡት የቤት ኪራይ ነው» ብለሽ በአንድ ገጽ ብታቀርቢ ግን ስብሰባ ይጠራበታል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የኪራይን ነገር ማንም የኮምቦልቻ ሰው ያውቀዋል፤ ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ የደመወዝ ወለል ስለሌለ ደግሞ በመቶዎች ብር የሚበልጥ ሌላ መስመር ወይም ሌላ ፋብሪካ ሲገኝ ልጆቹ ይሄዳሉ፤ ወደ ዐረብ አገር የሚያስቡም አሉ። እኔ ይህን በግምት እናገራለሁ፤ አንቺ ግን በመረጃ ልታሳዪው ወይም ልታፈርሺው ትችያለሽ። ካፈረስሽውም ቅር አይለኝም።

መምህር ዘደሴ፦

በጋሼ ላይ አንዲት ነገር ልጨምር። ውጤቱን ለሥራ አስኪያጁ የሚያቀርቡ ከሆነ፣ በአንድ መስመር ያሉት የለቀቁ ሰዎች ጥቂት ሲሆኑ የመስመሩን ስም አይጥቀሱ። ሦስት ሰው ብቻ የለቀቀበትን መስመር ስም ከምክንያታቸው ጋር ካወጡት፣ ማን ምን እንዳለ ሱፐርቫይዘሩ ወዲያው ያውቃል፤ አነጋግረው የተማመኑብዎትን ሰዎችም አሳልፈው ሰጡ ማለት ነው። ይህን ገደብ ለሥራ አስኪያጁ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ያሳውቁት፤ በኋላ ዝርዝር ሲጠየቁ እምቢ ለማለት መሠረት ይሆንዎታል።

የኮምቦልቻዋ ተማሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ርእሱን «አዲስ የሚቀጠሩ የማሽን ኦፕሬተሮች የሥራ ቆይታና የሚለቁበት ምክንያት» ብዬ አንድ ገጽ ጽፌያለሁ። ሦስት ክፍል አለው፦ ከ2015 ወዲህ የተቀጠሩት ሁሉ የቆይታ ስሌት፣ የለቀቁትን በስልክ ማነጋገር፣ በሥራ ላይ ላሉት አጭር መጠይቅ። የስልኩን ቃለ መጠይቅ ከፋብሪካው ጋር ግንኙነት የሌላት የክፍል ጓደኛዬ ልትሠራልኝ ተስማምታለች፤ እኔም የእርሷን የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ በኤክሴል አስተካክልላታለሁ። ቅዳሜ ከአማካሪዬ ጋር ቀጠሮ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ለቀው ከሄዱ በኋላ ተመልሰው የተቀጠሩ አሉ፤ እነርሱን እንዴት ልቁጠር?

መምህር ዘደሴ፦

ለዚህ ጥናት የመጀመሪያውን ቅጥራቸውን ብቻ ይውሰዱ፤ ሁለተኛውን እንደ አዲስ ሰው አይቁጠሩት፤ ሥራውን ለምደው ነው የሚመለሱት። ብዛታቸውን ግን ለብቻው ያስፍሩ፤ ሄደው የተመለሱት ስንት እንደሆኑ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ከተቻለም ከእነርሱ ሁለት ሦስቱን ለቃለ መጠይቁ ያካትቱ፤ የሄዱበትንም የተመለሱበትንም ምክንያት የሚያውቁ እነርሱ ናቸው።